ለቁልቁለት የሚያዝ ዕቃ

ሐምሌ ነው፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ደሴ ዳር ባለች አንዲት የቆርቆሮ ብስክሌት መጠገኛ ውስጥ፣ ከሆላንድ ተምሮ ከተመለሰ ገና አራት ወሩ የሆነው የውሃ መሐንዲስ አንዋር፣ ሌሊቱን ሙሉ እየፈራ የሞላውን ሻንጣ ሽማግሌው ጠጋኝ ጋሽ ይመር አንድ ባንድ ሲያራግፉበት ቆሞ ያያል።

ይመር፦ ይህንንም አውጣው።

አንዋር፦ የሰንሰለት መፍቻ ነው እኮ ጋሽ ይመር። መንገድ ላይ ሰንሰለቱ ቢበጠስስ?

ይመር፦ ከዚህ እናትህ እስካለችበት ሙሜ ሜዳ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ነው። ሰንሰለት የሚያስፈልገው ለሚወጣ ሰው ነው፤ ለሚወርድ ጌጥ ነው። አውጣው።

አንዋር፦ እሺ፤ ወጣ።

ይመር፦ ይህስ? ሦስት ካላማዳሪ ምን ያደርግልሃል?

አንዋር፦ አንዱ ለፊት ጎማ፣ አንዱ ለኋላ።

ይመር፦ ሦስተኛውስ?

አንዋር፦ ከተቀየሩ በኋላ አንዱ ደግሞ ቢፈነዳ ብዬ ነው።

ይመር፦ ያን ጊዜማ ብስክሌቱን ገደል ወርውረህ በእግርህ ትሮጣለህ። አንድ ይበቃል። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ የሚባለው ላንተ ዓይነቱ ነው። ለመሆኑ ስንት ኪሎ ነህ?

አንዋር፦ እኔ? ሰባ ሁለት። ምነው?

ይመር፦ ምንም። ይህ የሚያብለጨልጨውስ?

አንዋር፦ ከሆላንድ ያመጣሁት ነው። መፍቻ አለው፣ ካቻቢቴ አለው፣ ቢላ አለው። አሥራ ስምንት ሥራ ይሠራል።

ይመር፦ አሥራ ስምንት ሥራ እችላለሁ የሚል ሠራተኛ ቀጥሬ አውቃለሁ። በሳምንቱ አሰናበትኩት። ወዲያ በለው። መብራት ደግሞ? ፀሐይ ወጥቶ?

አንዋር፦ ጉም ቢሆንስ?

ይመር፦ ጉም ከሆነ መብራት የሚያሳይህ ጉሙን ነው። ይህች አንገት ላይ የምትንጠለጠለዋ ምንድን ናት?

አንዋር፦ ፊሽካ ናት።

ይመር፦ ኳስ ልታጫውት ነው?

አንዋር፦ ገደል ብገባ… ሰው እንዲሰማኝ።

ይመር፦ ገደሉ ውስጥ ሆነህ ለማን ልታፏጭ? ለጅብ? አስቀምጣት።

አንዋር፦ ጋሽ ይመር፣ እየቀለዱ ሰዓቱ ሄደ።

ይመር፦ ሰዓቱን የወሰደው ይህ ሻንጣ ነው። ላየው ሰው እናቱ ዘንድ የሚሄድ ሳይሆን ጋራዥ የሚከፍት ነው የምትመስለው። ይህ ሁሉ ብረት ሲሆን መድኃኒቱ የት አለ?

አንዋር፦ ከታች። ፔርሙዝ ውስጥ ነው።

ይመር፦ ከብረቱ ሥር?

አንዋር፦ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ።

ይመር፦ የምትሄደው ለሁለት ብልቃጥ ኢንሱሊን ነው። እሱን ከሥር አድርገህ ፍርሃትህን ከላይ ጫንክበት። አንዲት ጉድጓድ ብትመታ ብረቱ ብልቃጡን ይፈጨዋል። እዚያ ደርሰህ እናትህን በካቻቢቴ ልትወጋት ነው?

አንዋር፦ እንዲህ አይበሉኝ። ሌሊቱን በሙሉ አልተኛሁም።

ይመር፦ ዓይንህ ይናገራል። እህትህ ደወለች?

አንዋር፦ ኔትወርኩ ለድምፅ አይሆንም። ሰዓዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መልእክት ላከች። ላንብብልዎት? «እማዬ ውሃ ውሃ ትላለች። ስናናግራት ዓይኗን ገለጥ ታደርግና ተመልሳ ታንቀላፋለች። መድኃኒቱ እስከ ቀትር ካልደረሰ እኔንጃ ብሏል ነርሱ።» ከዚያ ወዲህ ምንም የለም።

ይመር፦ ካለቀባት ስንት ቀን ሆነ?

አንዋር፦ ናዳው መንገዱን ሁለት ቦታ ከቆረጠው አምስት ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ መኪና አልገባም። እሷ ጋ የነበረው ከትናንት በስቲያ አለቀ። ስምንት ዓመት ሙሉ ውሃ እንዴት እንደሚገራ ስማር ኖርኩ፤ አንድ ሌሊት የዘነበ ውሃ ከእናቴ ለየኝ። እዚያው ብቀር ኖሮ ምን ይጎድል ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

ይመር፦ እዚያው ብትቀር ዛሬ ፔርሙዝ የሚይዝላት አይኖርም ነበር። በሞተር ሊያልፍ የሞከረ አለ አሉ።

አንዋር፦ ሁለተኛው ናዳ ላይ ጭቃው ዋጠው፤ እስካሁን እዚያው ተተክሏል። ብስክሌት ከሆነ ተሸክሞ መሻገር ይቻላል። በእግር ደግሞ ስድስት ሰዓት ነው። የብስክሌት ክለቡን ልጆች ለመንኳቸው፤ በዚህ ወር ያንን ቁልቁለት አንወርድም አሉ። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ይመር፦ ልጆቹ ብልሆች ናቸው። ይህ ከረጢትስ?

አንዋር፦ እሱን አይንኩት። የፍሬን ጎማ ነው።

ይመር፦ ስንት?

አንዋር፦ አራት ጥንድ።

ይመር፦ አራት? ትናንት ማታ አዲስ አስገብቼልህ፣ ሽቦውን ቀይሬ፣ ሦስት ጊዜ አይቼልህ? አላመንከኝም ማለት ነው።

አንዋር፦ እርስዎን አምናለሁ። ፍሬኑን ነው የማላምነው።

ይመር፦ ፍሬን ምን አደረገህ?

አንዋር፦ ባለፈው ሳምንት ከሆስፒታሉ በታች ያለችውን ቁልቁለት ስወርድ ከዳኝ። አንዲት ሴትዮ ከነዘንቢሏ ፊቴ ገባች፤ ላቆም ብል ምንም የለም። ባዶ። የሰው አጥር ውስጥ ገብቼ ነው የቆምኩት። ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያቺ ባዶነት ናት የምትመጣብኝ። ያ እኮ መቶ ሜትር አይሞላም ጋሽ ይመር።

ይመር፦ መሪው ጠመመ ብለህ ያመጣኸው ለካ ያን ቀን ነው። ፍሬኑን ያኔም አይቼዋለሁ፤ ደህና ነበር።

አንዋር፦ ታዲያ ለምን አልያዘም?

ይመር፦ ና ውጣ። ብስክሌቱን ይዘህ እዚያ ባሕር ዛፉ ድረስ ሂድና ወደኔ እየነዳህ ና። ቁም ስልህ ትቆማለህ።

አንዋር፦ በዚህ ሰዓት ፈተና?

ይመር፦ በዚህ ሰዓት። ጠበቅ አድርገህ ንዳ፤ ሰርግ እንደተጠራ ሰው አትንሸራሸር… ፈጠን በል። ፈጠን… ቁም።

አንዋር፦ ቆምኩ።

ይመር፦ በርሜሌን ገጭተህ ነው የቆምከው።

አንዋር፦ ይኸው፣ አላልኩም? አይዝም። በአላህ ነው የምልዎት፣ አይዝም።

ይመር፦ ጣቶችህን እያየሁ ነበር። ፍሬኑን አልነኩትም።

አንዋር፦ እንዴት አልነኩትም?

ይመር፦ አልነኩትም። እግርህን ግን አየሁት። ቁም ስልህ ፔዳሉን ወደ ኋላ ነው የረገጥከው። ምን ይሆንልኛል ብለህ ነው?

አንዋር፦ ወደ ኋላ? አላስተዋልኩም።

ይመር፦ ለመሆኑ ብስክሌት የት ነው የተማርከው?

አንዋር፦ እዚያው ሆላንድ፤ በሃያ አራት ዓመቴ። እዚህ ሳለሁማ እማዬ የብስክሌት ጎማ እንዳልነካ ታስምለኝ ነበር። እዚያ የገዛሁት አሮጌ ብስክሌት… ያ አላህ።

ይመር፦ ምነው?

አንዋር፦ እጁ ላይ ፍሬን አልነበረውም። ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት ነው የሚቆመው። ስምንት ዓመት ሙሉ የነዳሁት እሱን ነው።

ይመር፦ ቁልቁለት ላይስ?

አንዋር፦ ቁልቁለት የለም። አገሩ ሜዳ ነው። ዳገት የሚባለው ድልድይ ብቻ ነው።

ይመር፦ እንግዲያ አንተ መጣህ፤ እግርህ እዚያ ቀረ።

አንዋር፦ ረጋ ብዬ ስነዳ እኮ በእጄ ነው የምይዘው። አውቀዋለሁ።

ይመር፦ ሳትፈራ ታውቀዋለህ። የፈራ ሰው ግን ያወቀውን አይሠራም፤ የለመደውን ነው የሚሠራው። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ መፍራትህ አይቀርም። ስትፈራ እግርህ ወደ ኋላ ይረግጣል፤ ይህ ብስክሌት ወደ ኋላ ቢረግጡት ዝም ብሎ ይሽከረከራል።

አንዋር፦ ባይነግሩኝ ይሻል ነበር።

ይመር፦ ለማን?

አንዋር፦ ለኔ። እስካሁን የምፈራው ብረቱን ነበር። ለብረት መለዋወጫ ይያዝለታል። አሁን የምፈራው ራሴን ነው፤ ለዚህ ምን ልያዝ?

ይመር፦ ከጧት ጀምሮ የጠየቅከው ደህና ጥያቄ ይህ ነው። ኪስህ ውስጥ ያለውስ ምንድን ነው? እጅህን ደጋግመህ ትልክበታለህ።

አንዋር፦ ወረቀት ነው።

ይመር፦ የምን?

አንዋር፦ ስሜና የሰዓዳ ስልክ። ምናልባት የሚያገኘኝ ሰው…

ይመር፦ አውጣው።

አንዋር፦ ወረቀት እኮ ነው፤ ግራም አይሞላም።

ይመር፦ ካመጣኸው ሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። አምጣ ወዲህ። ስምህን የምትነግራቸው በአፍህ ነው።

አንዋር፦ እዚሁ ግቢ ውስጥ አንድ ሰዓት ብመላለስስ? እግሬ አይለምድም?

ይመር፦ ስምንት ዓመት የለመደ እግር በአንድ ሰዓት አይረሳም። አንድ ሰዓትም የለንም።

አንዋር፦ የለንም ይላሉ ደግሞ። እርስዎ ምን አለብዎት? ከቆርቆሮው ሥር ተቀምጠው አውጣ፣ አግባ ማለት ነው። የከተማውን ብስክሌት ሁሉ ይጠግናሉ፤ አንድ ቀን ወጥተውበት ያየዎት ሰው ግን የለም። ጠግነው ሲጨርሱ እየገፉ ነው ለባለቤቱ የሚያስረክቡት። ሰው ምን እንደሚል ያውቃሉ?

ይመር፦ አውቃለሁ። ፈሪ ነው ይላል።

አንዋር፦ እንዲያ ለማለት አልነበረም። ይቅር ይበሉኝ።

ይመር፦ እውነት ለተናገርክበት ይቅርታ አትጠይቅ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ይልቅ ሻንጣውን አቅርበው፤ ከሥር የቀረ ነገር አለ። ከባድ ነው።

አንዋር፦ እሱ አይወጣም።

ይመር፦ ይህን ከየት አመጣኸው?

አንዋር፦ ከአባዬ ሳጥን። ሌላውን ሁሉ ያስወጡኝ፤ ይህ ግን አብሮኝ ይሄዳል።

ይመር፦ ባለ ሠላሳ ሁለት መፍቻ ነው። ይህ ብስክሌት ላይ የሚገባበት ብሎን የለም።

አንዋር፦ አውቃለሁ።

ይመር፦ የወፍጮ መፍቻ ነው። እጀታው ላይ «መ» ብሎ በምስማር የጫረው አባትህ መሐመድ ነው፤ ሲጭር አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ሌላ ሰው እንዳይወስድብኝ ብሎ።

አንዋር፦ እሱ አብሮኝ ከሆነ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነው።

ይመር፦ አባትህን የገደሉት እኮ ይህና ወንድሞቹ ናቸው።

አንዋር፦ እማዬ እንዲያ አትልም።

ይመር፦ እሷ ምን ትላለች?

አንዋር፦ «ከይመር ኋላ ተፈናጦ ሄደ፤ ይመር ብቻውን ተመለሰ።» ሌላ አትጨምርም። እኔ አምስት ዓመቴ ነበር። አድጌም አልጠየቅኋት።

ይመር፦ እኔንም አልጠየቀችኝም። ይኸው ሃያ ሰባት ዓመት፣ ለገበያ ስትመጣ ካየችኝ መንገድ ትቀይራለች። ብትሰድበኝ በቀለለኝ።

አንዋር፦ እንግዲያው እኔ ልጠይቅዎት።

ይመር፦ ያን ጊዜ ለሙሜ ሜዳ ዳቦ የማደርሰው እኔ ነበርኩ፣ በየቀኑ። ያንን ቁልቁለት ተኝቼም ብሆን እወርደው ነበር። የሙሜ ሜዳ ወፍጮ ቆመ አሉና ያኔ እዚሁ ደሴ ወፍጮ ይጠግን የነበረው አባትህ መፍቻዎቹን በሙሉ በሳጥን ተሸክሞ መጣ። አርባ ኪሎ ይሆናል። የትኛው እንደሚያስፈልገኝ ስለማላውቅ ሁሉንም ልያዝ አለኝ። ልክ እንዳንተ። እኔም ጉልበተኛ ነኝ ባይ፣ ችግር የለም ጫነው አልኩት። ሰባተኛው ጠመዝማዛ ላይ ሳጥኑ ወደ ጎን አዘመመ። መሐመድ እጁን ላከ። ሳጥኑን ያዘ፤ እኔን አልያዘም፤ ከገደሉ ያወጣነውም ከነሳጥኑ ነው።

አንዋር፦ ሳጥኑን ቢለቀው ኖሮ…

ይመር፦ ከመነሻው እኔ አውጣው ብለው ኖሮ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ወፍጮውን በኋላ የሠራው ሰው ነገረኝ፤ ለዚያ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ መፍቻ ብቻ ነበር አለኝ። ባለ ሠላሳ ሁለት።

አንዋር፦ ለዚህ ነዋ ከጧት ጀምሮ አውጣ አውጣ የሚሉኝ።

ይመር፦ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በል ፔርሙዙን በዚህ ፎጣ ደረትህ ላይ እሰረው። ጀርባህ ላይ አይደለም፤ ከልብህ ላይ።

አንዋር፦ በሩ ላይ የተደገፈው የወይራ ቅርንጫፍ የምን ነው?

ይመር፦ ጎሕ ሲቀድ የቆረጥኩት ነው። በገመድ ታስሮ ከኋላ ይጎተታል። ፍሬን ጎማውን ይይዛል፤ ወይራ መሬቱን ይይዛል። ዳቦ ስናወርድ እንዲያ ነበር የምናደርገው። መንገድ ላይ ቅጠል ያየ ሰው ደግሞ ከፊት ችግር አለ ብሎ ዳር ይይዛል። ሳትጮህ መንገድ ይለቀቅልሃል።

አንዋር፦ ብረቴን ሁሉ አስወጥተው ሦስት ሃይላንድ ውሃ ያስገባሉ ደግሞ። ለአንድ ሰው ይህ ሁሉ?

ይመር፦ ለመጠጥ አይደለም፤ ለቸርኬው ነው። ፍሬን ሲበዛበት ቸርኬው ይግላል፤ ከጋለ ካላማዳሪውን ያፈነዳዋል። በየሦስተኛው ጠመዝማዛ ወርዶ ውሃ ማፍሰስ ነው። ክብደት ሲኖር እንዲህ ያስፈልጋል።

አንዋር፦ የምን ክብደት? ያለኝን አራገፉት እኮ። ደግሞ ይህን የኋላ ጎማ ድንጋይ አስመስለው ነው የነፉት። ለሰባ ሁለት ኪሎ ይህ ሁሉ አየር?

ይመር፦ ለሰባ ሁለት አይደለም። ለመቶ ሠላሳ ሦስት ነው።

አንዋር፦ ምን አሉ?

ይመር፦ ስልሳ አንድ ነኝ እኔ። ትናንት ማታ ብስክሌቱን አምጥተህ ስትሄድ ወፍጮ ቤት ገብቼ እህል መመዘኛው ላይ ወጣሁ። ባለወፍጮው ሳቀብኝ።

አንዋር፦ ጋሽ ይመር…

ይመር፦ ሻንጣህ ከነብረቱ አሥራ አራት ኪሎ ነበር። እሱ ካልወረደ እኔ አልጫንም።

አንዋር፦ ሃያ ሰባት ዓመት አልወጡበትም እኮ።

ይመር፦ የለመደ እግር አይረሳም ብዬህ የለ? ያንተ እግር ሆላንድ ቀረ፤ የኔ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ።

አንዋር፦ የጫማዎን ክር ፈትተው ሲያስሩ ይኸው አራተኛዎ ነው።

ይመር፦ አየኸው? ከሌሊት ጀምሮ ነው። ለዚህ ነው ፔርሙዙን ብቻዬን ይዤ ያልሄድኩት። መሪውን እኔ እይዛለሁ፤ አንተ ከኋላ ሆነህ ታወራልኛለህ።

አንዋር፦ ምን ላውራ?

ይመር፦ የፈለግከውን። ውሃ ቁልቁል እንደሚወርድ ስምንት ዓመት ያስተማሩህንም ቢሆን። አባትህ ያን ቀን ከኋላዬ ሆኖ ያንጎራጉር ነበር፤ ሰባተኛው ላይ ድንገት ዝም አለ። አንተ ዝም ካልክ እኔ ዞሬ አይሃለሁ፤ ዞሬ ካየሁ ሁለታችንም አለቅን። እንዳትረሳ፣ ዝም አይባልም።

አንዋር፦ ፈርቻለሁ ጋሽ ይመር።

ይመር፦ እኔም ፈርቻለሁ። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? ወደ እናትህ ነው የምንሄደው። ጆንያውን አጥፈህ መጫኛው ላይ አንጥፈው።

አንዋር፦ በሩ አጠገብ ያለው ምስማር ባዶ ነው?

ይመር፦ ባዶ ነው። ምነው?

አንዋር፦ መፍቻውን ልስቀለው። ስንመለስ እወስደዋለሁ።

ይመር፦ ስቀለው። «መ» ያለበትን ወደ ውጭ አድርገው። ሄልሜቱን አጥልቅ፤ እኔ ኮፍያዬ ይበቃኛል። ተፈናጠጥ። ወገቤን ያዝ፤ ሌላ ምንም ነገር አትያዝ።

አንዋር፦ ያዝኩ። እማዬ ነቅታ ማን አመጣህ ብትለኝስ? ምን ልበላት?

ይመር፦ መጀመሪያ መርፌውን ውጋት፤ ከዚያ ንገራት። ሃያ ሰባት ዓመት ያላለችኝን ትበለኝ፤ እሱን ልሰማ ነው የምወርደው።